ሩብ እንጀራ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሳለ አንዷ ጎረቤታችን «ምነው፣ ገንፎ የምታበሉን መቼ ነው?» ሲሉሽ ስኒሽን አስቀምጠሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ተከትዬሽ ስገባ እንባ አቅርረሽ አገኘሁሽ። ከቦርሳሽ ያወጣሽው ወረቀት ላይ «ፒሲኦኤስ» የሚል ተጽፏል። «ክብደት ቀንሺና ነይ ተባልኩ። ካርቦሃይድሬት አቁሚም ተባልኩ። እንጀራ ትቼ ምን ልብላ፣ አክስቴ?» አልሽኝ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩልሽም፤ ሌሊቱን ግን ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሠላሳ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ግን በሙያዬ ብቻ ተመክቼ አይደለም። ቀን የሰው ልጅ ስቀበል፣ እትብት ስቆርጥ እውልና ማታ ባዶ ቤት እገባ ነበር። እንዲህ ሰባት ዓመት ስለኖርኩ ጓዳ ውስጥ የተለቀሰውን ለቅሶ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

1. በቅድሚያ ያለብሽን ነገር በስሙ እወቂው፤ ፒሲኦኤስ ማለት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ነው። «ኦቫሪሽ ላይ ሲስት አለ» ሲሉሽ እጢ መስሎሽ ደንግጠሻል። እጢ አይደለም። በአልትራሳውንዱ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው ያየሻቸው ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። እንቁላሉ አለሽ፤ በወቅቱ በስሎ አልወጣም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች ስለ ሰባት ሴቶች ጽፈው ሕመሙን ለዓለም አስተዋወቁ፤ በዚያን ዘመን መፍትሔው ከኦቫሪው ላይ በቀዶ ጥገና ቆርጦ ማንሳት ነበር። ዛሬ ያ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶው ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ነገር እንዳለባቸው፣ አብዛኞቹም ሳይታወቅላቸው እንደሚኖሩ ይገምታል። ስለዚህ «መካን» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው፤ ሌላ ሰው ሲልሽም አትቀበዪው።

ምርመራው መሟላቱንም አረጋግጪ። የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛት (በደም ምርመራ፣ ወይም በፊት ላይ ፀጉርና በብጉር የሚታይ)፣ በአልትራሳውንድ የሚታየው የኦቫሪ ሁኔታ፦ ከነዚህ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሊኖሩ ይገባል። ታይሮይድና ፕሮላክቲንም ታይተው ሌላ ምክንያት እንደሌለ መታወቅ አለበት። አልትራሳውንዱን ብቻ አይተው «ፒሲኦኤስ ነው» ካሉሽ የቀረውን ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

2. «ካርቦሃይድሬት አቁሚ» የተባልሽበትን ምክንያት ካላወቅሽ ትእዛዙን በሁለት ሳምንት ትተዪዋለሽ፤ ስለዚህ ልንገርሽ። እንጀራውም ዳቦውም ፓስታውም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋችን የሚያስገባው ኢንሱሊን ነው። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ሰውነት ብዙውን ጊዜ የኢንሱሊንን ጥሪ አይሰማም። ቆሽትም ጥሪው እንዲሰማለት ብሎ አብዝቶ ያመርታል። ያ የተትረፈረፈ ኢንሱሊን ኦቫሪውን የወንዴ ሆርሞን አብዝተህ አምርት ብሎ ይገፋዋል። ጉበት ደግሞ ያንን ሆርሞን ይዞ የሚያስቀምጠውን ፕሮቲን ይቀንሳል። በዚህ መሐል እንቁላሉ ሳይበስል ይቀራል፣ የወር አበባሽም ሦስት ወር ይጠፋል።

አንገትሽ ላይ ያለውን ጥቁረት ታስታውሻለሽ? ለሠርግሽ ጊዜ በሎሚና በስኳር እየፈተግሽ አልለቅ ያለሽ? እድፍ አልነበረም። ኢንሱሊን ሲበዛ ቆዳን እንዲያ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ሁለት ዓመት ባተረፍንልሽ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዱቄቱ ሲቀንስ የኢንሱሊኑም ግፊት ይቀንሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከክብደትሽ 5 በመቶ መቀነስ ብቻውን የብዙዎችን የወር አበባ ይመልሳል፣ እንቁላልም ያስወጣል። አንቺ 84 ኪሎ ነሽ፤ 5 በመቶው 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። እንደ ጋብቻሽ ቀን ቅጥን እንድትዪ የጠየቀሽ የለም። ቀድሞውንም ቀጭን የሆነች ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ይህን ደብዳቤ ብታነብ ግን የመቀነሱ ምክር እሷን አይመለከታትም።

3. ከምግቡ በፊት ፎሊክ አሲዱ ይቅደም። ይህን ሳትጀምሪ አንድ ቁራሽ እንጀራ እንኳ እንዳትቀንሺ። በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ሐኪሙ ክብደትሽን አይቶ ከፍ ያለውን 5 ሚሊግራም ሊያዝልሽ ይችላል። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። የወር አበባዋ በየወሩ የሚመጣላት ሴት እንኳ በዚያ ጊዜ ማርገዟን ላታውቅ ትችላለች። አንቺ ደግሞ ሦስት ወር ቢቀርብሽም የተለመደ ነው ብለሽ ዝም የምትዪ ነሽ። እንቁላሉ ሳይጠበቅ ይወጣል፣ ትፀንሺያለሽ፣ አንቺም «እንደ ወትሮው ቀረብኝ» እያልሽ ዋናው ጊዜ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ካርቦሃይድሬት በጣም ከቀነሱ እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ ይህ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ጉድለት 30 በመቶ ያህል በዝቶ መታየቱን አሳይቷል። እዚያ ፎሊክ አሲድ የሚጨመረው ዱቄት ውስጥ ስለሆነ ዱቄቱን የተወች ሴት ቫይታሚኑንም ሳታውቅ ትታዋለች። በእኛ አገር ደግሞ ጀርባቸው ክፍት ሆኖ የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ በእነዚህ እጆቼ ተቀብያቸዋለሁ። እናቶቻቸው ምን ጎደለኝ ብለው ሲጠይቁኝ የመለስኩላቸው መልስ ዛሬም ይከብደኛል። እንክብሉ ርካሽ ነው፤ ዛሬውኑ ግዢ።

4. አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ።

እንጀራ ጠላትሽ አይደለም። ጤፍ ብረትም ፕሮቲንም ያለው የከበረ እህል ነው፤ ሩዝ ከተቀላቀለበት እንጀራ የጤፍ ብቻ የሆነው ይሻልሻል። አሜሪካና አረብ አገር ያሉ እህቶችሽ በስንዴ ዱቄት ከሚያቀጥኑትም ይሻላል። ግን እኛ ዘንድ እንጀራ ሰሃንም ነው፣ ማንኪያም ነው፣ ምግብም ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ትሪው ላይ ሁለት ይነጠፋል፤ ወጡ ከመሐል ይወጣል፤ ለየሰዉ ደግሞ አንዳንድ ጥቅል በዳር በዳር ይቀመጣል። ማን ስንት እንደበላ የሚያውቅ የለም። ጉርሻው ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ወጡን የጠጣው የታችኛው ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይጣፍጣል፣ ማን ይተወዋል? ጠግበሽ ሳለ የምትበዪው እንጀራ ያ ነው።

እስቲ በሚቀጥለው ጋገራሽ ቁጠሪ። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስምንት እንጀራ ከወጣልሽ አንዱ እንጀራ 125 ግራም ዱቄት ወስዷል ማለት ነው። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም የሚበልጥ ካርቦሃይድሬት አለ። ስለዚህ አንዱ እንጀራ ብቻውን ወደ 90 ግራም ይጠጋል። «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» የሚባለው አመጋገብ ደግሞ በጠቅላላው በቀን ከ130 ግራም በታች ነው። ምሳ አንድ ተኩል፣ እራት አንድ የምትበላ ሴት የት እንደምትደርስ አንቺው አስዪው።

እኔ የምልሽ ምሳ ላይ ሩብ፣ እራት ላይ ሩብ ነው። እንጀራውን ከመሶብ ስታወጪ በቢላ አራት ቦታ ክፈዪው። ሩቡን ጠቅልለሽ ከሰሃኑ ዳር አኑሪ፤ ከሥር እንዳታነጥፊው። ወጡን በጎድጓዳ ሰሃን አድርገሽ በማንኪያ ብዪ። አዎ፣ ዶሮ ወጥ በማንኪያ! ለመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ይሆንብሻል። መጀመሪያ ጎመኑን ወይም ሰላጣውን ጀምሪ፣ ከዚያ ሥጋውን፣ እንቁላሉን ወይም ምስሩን አስከትዪ፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ አድርጊው። ያው ምግብ ሆኖ እንኳ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ስኳሩ ደም ውስጥ የሚወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል።

ሆድሽ ባዶ እንዳይሆን ከእንጀራው የወሰድሽውን ቦታ በሌላ ሙዪው። ጎመን በሥጋ፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ ድንች የሌለበት ጥቅል ጎመን፣ አይብ በጎመን፣ ጥብስ ከብዙ ቃሪያና ሽንኩርት ጋር፣ የዶሮ ወጡን ሁለት እንቁላል። ሽሮና ምስር ካርቦሃይድሬት የለባቸውም አልልሽም፤ ግን ፕሮቲንና ፋይበር ስላላቸው ስኳራቸው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለአንድ ጊዜ አንድ ጭልፋ ይበቃሻል።

ቁርስሽ ላይ ግን እበረታብሻለሁ። ፍርፍር፣ ቂንጬ፣ ገንፎ፣ ዳቦ በሻይ፣ ሁሉም ዱቄት ናቸው። ጠዋት ሁለት እንቁላል ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር ጠብሰሽ ግማሽ አቮካዶ ጨምሪበት፤ እስከ ምሳ ድረስ ቆሎ አያሰኝሽም። ገንፎው ይቆየን፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

5. አትራቢ። ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው።

በ1979 ዓ.ም. አንድ ሐኪም ያንኑ አንቺን ያሉሽን አለኝ፤ «ቀንሺና ነይ»። እንዴት እንደምቀንስ አልነገረኝም፤ እኔም ነርስ ሆኜ መጠየቁ አሳፈረኝ። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ቀን አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ማታ ጥቂት ጎመን። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ምጥ ላይ ያለች ሴት እጅ ይዤ የራሴ ጉልበት ይከዳኝ ነበር። በሦስት ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ። ማበጠሪያዬ በፀጉር ይሞላ ጀመር። በየሁለት ወሩ ይመጣ የነበረው የወር አበባዬ አምስት ወር ጠፋ። ሰውነት ረሃብ ሲያይ «ይህቺ ራሷን መመገብ አልቻለችም፣ ልጅ ምን ልታበላው ነው?» ብሎ በሩን ይዘጋል። ኪሎውም በዓመቱ ሲመለስ ሦስት ጨምሮ ነው።

ያወጣችኝ አብራኝ የምትሠራ አንዲት አንጋፋ አዋላጅ ነች። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኔን አየችና ምንም ሳትናገር ከራሷ እንቁላልና ጎመን ቀንሳ ጨመረችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየበላሁ ነው የቀነስኩት፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም ምንም። ልጄ በ1984 ዓ.ም. ተወለደች። ምግቡ ብቻ ነው ያስፀነሰኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ሌላ ሐኪም ያዘዘልኝ ክሎሚፊን የሚባል እንቁላል የሚያስወጣ መድኃኒት ነበረበት። ምግቡ መሬቱን አለሰለሰው፣ መድኃኒቱም ሠራ።

6. ስለ ኬቶ ጠይቀሽኛል። የቀኑ ካርቦሃይድሬት ከ50 ግራም በታች የሚወርድበት አመጋገብ ነው። በአጭር ጊዜ ኢንሱሊንን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዷንም በፍጥነት ያቀጥናታል። ለፅንስ ለምትዘጋጅ ሴት ግን አልመክረውም፤ ያውም ያለ ሐኪም ክትትል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ አንዱ አመጋገብ ከሌላው በልጧል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም ይላል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ስብ፣ ግማሾቹን ካርቦሃይድሬት አስቀነሷቸው። ከዓመት በኋላ የሁለቱም ወገን ክብደት ለውጥ ያን ያህል አልተለያየም። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ልትኖሪበት የምትችዪው ይበልጣል ለማለት ነው። ሩብ እንጀራ በልተሽ ዓመት መኖር ትችያለሽ። ያለ እንጀራ ግን የፋሲካ ዕለት ትሸነፊያለሽ።

ደግሞም ካርቦሃይድሬት የለበትም ተብሎ ቅቤው እንደ ውኃ አይፈስም። የተነጠረ ቅቤ በግራም ከዱቄት ከእጥፍ በላይ ኃይል አለው። ክትፎ ካማረሽ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬውንም ለብለቡንም ተዪው፤ በጥሬ ሥጋ የሚመጣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋሲ ፅንስ ይጎዳል። ዱለትና ጉበትም ይቅሩብሽ፤ ጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ በፅንሱ የመጀመሪያ ወራት አይበጅም።

7. የምትጠጪው ነገር ከምትበዪው የበለጠ ሳይታወቅ ይገባል። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በቀን ሦስቴ፣ 36 ግራም ስኳር ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ይዟል። «ፍራፍሬ ነው» ብለሽ የምትጠጪው ስፕሪስ ደግሞ ሦስት አራት ፍሬ ተጨምቆ፣ አንዳንድ ቤት ስኳር ተጨምሮበት ነው። ማንጎውን ብዪው፤ አትጠጪው። ማርም ስኳር ነው፤ የንብ ስለሆነ የሚለይ አይምሰልሽ። ቡናውን ያለ ስኳር ልመጂ፤ አንዳንድ አገር በጨው ይጠጡት የለ? በቀን ከሁለት ስኒ ግን አይለፍ፤ ቡናው ላይ የሚቀርበውን ፈንዲሻ፣ ቆሎና ዳቦም ዘርዝረሽ ቁጠሪው።

8. ጾሙን ምን ላድርግ ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። ረቡዕና ዓርቡ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ነቢያት፣ ፍልሰታ፤ እንቁላሉም አይቡም ሥጋውም በሌለበት ጊዜ የሚቀረው እንጀራና ድንች ይመስላል። አይደለም። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንጉዳይ፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ፣ የሱፍ ፍትፍት ሳይሆን ሱፉ ራሱ፣ ተልባ፣ ጎመን በዘይት። ሰላጣሽ ላይ አንድ ጭልፋ የተቀቀለ ሽምብራ በትኚበት። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። ያለብሽንም ንገሪያቸው፤ ለልጅ ስትዪ በሕክምና ላይ እንዳለሽ ሲያውቁ የሚሉሽ አያጡም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመሽ ማታ ሁለት እንጀራ በአንዴ መብላት ግን ጾሙንም ሥራሽንም ያበላሽብሻል።

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ ከጊዜ በኋላ ቫይታሚን ቢ12 ይቀንሳል፤ ረጅም ጾም የምትጾም ሴት ደግሞ ቢ12 የምታገኝበት ምግብ የላትም። ሁለቱ ሲገናኙ እጅና እግር መደንዘዝ ሊመጣ ይችላል። በደም ምርመራ ይታይልሽ።

9. ተንቀሳቀሺ። ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ መራመድ ብቻውን ብዙ ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ያለ ብዙ ኢንሱሊን ይወስደዋል። በሳምንት 150 ደቂቃ ይሙላ። በጊዜ ተኚ።

10. ሐኪሙን ኪሎው እስኪወርድ ብለሽ አትራቂው። ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት ሞክራ ትሂድ ይባላል፤ ከ35 በላይ ስድስት ወር። ያ ግን የወር አበባዋ ለተስተካከለላት ነው። አንቺ መጠበቅ የለብሽም። በኔዘርላንድስ 577 ወፍራም ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ነበር፤ ስድስት ወር ክብደት ቀንሰው ከዚያ ሕክምና የጀመሩት ወዲያው ከጀመሩት ይልቅ ብዙ አልወለዱም። በተፈጥሮ የፀነሱት ግን ከእነሱ ወገን ይበዛሉ። ስለዚህ ምግቡና ሕክምናው ጎን ለጎን ይሂዱ።

ዛሬ በመጀመሪያ የሚታዘዘው እንቁላል የሚያስወጣ መድኃኒት ሌትሮዞል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ትልቅ ጥናት ከወሰዱት 27.5 በመቶው ወልደዋል፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶው። እህቴ ተርፏት ሰጠችኝ ብለሽ ከመሳቢያ አውጥተሽ አትዋጪው፤ በአልትራሳውንድ እየታየ የሚወሰድ ነው። ለፊት ፀጉር ተብሎ ስፓይሮኖላክቶን ታዞልሽ ከሆነ ለመፀነስ እየሞከርሽ እንደሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ከውጭ የሚላከው የማቅጠኛ መርፌም (ኦዜምፒክ የሚሉት) ከመፀነስ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መቆም አለበት። የወር አበባሽ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ ዝም አትበዪ፤ የማኅፀን ግድግዳ ሳይታጠብ ሲወፍር ሌላ አደጋ አለው።

ከፋርማሲ የምትገዢው እንቁላል መውጣቱን የሚያሳየው የመመርመሪያ ወረቀት ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ የሚለካው ሆርሞን በእናንተ ላይ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ነው። በወረቀቱ አትሰቃዪ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከባልሽ ጋር መሆን ይበቃል፤ ከዚህ የበለጠ አልናገርም።

ባልሽም ይመርመር። ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል የወንዱ ድርሻ ያለበት ከግማሹ ብዙም አይርቅም፤ ምርመራውም ከአንቺው ሁሉ የቀለለ ነው። ሰባት ዓመት እኔ ስመረመር የኔው ባል አንድ ቀን አልተመረመረም። እኔም አልጠየቅሁትም። እሱ ክፉ ስለሆነ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ሴት ብቻ ስለነበረ ነው።

11. ሰው ይናገራል። መቀነስ ስትጀምሪ መጀመሪያ የሚሉሽ «ምነው ከሳሽ? ታመምሽ እንዴ?» ነው። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ» ምርቃት ነውና አይፈረድባቸውም። አማትሽ ጉርሻ ጠቅልለው ሲዘረጉልሽ አፍሽን አትዝጊባቸው፤ አንዱን ጉረሺ፣ እጃቸውን ሳሚ፣ ሁለተኛውን «ሐኪም ከልክሎኝ ነው፣ እማማ» በይ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ፍቅሩን ተቀብለሽ እንጀራውን መቀነስ ይቻላል። ወጡን ለብቻዬ በሰሃን ላድርግ ስትዪ የኮራሽ ቢመስላቸው ባልሽ ቀድሞ ይናገርልሽ። ይህ ሥራው ነው፤ ንገሪው።

ጠበል ሂጂ፤ እኔም ሄጃለሁ፣ መጽናኛዬም ነበር። መድኃኒትሽን ግን እንዳታቋርጪ። ጥቁር አዝሙድና አብሽ ወጥ ውስጥ ሲገቡ ምግብ ናቸው፤ በብርጭቆ በጥብጠው «ማኅፀን ያጥባል» ብለው ሲሰጡሽ ግን እንቢ በይ። ማኅፀን የሚያሹ ሴቶች ዘንድም አትሂጂ፤ ተጎድተው የመጡ አይቻለሁ።

ሲከፋሽ ደግሞ ብቻሽን ጓዳ አትግቢ። ይህ ሕመም ከድብርትና ከጭንቀት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ምክንያቱ ሆርሞኑም የሰዉ ቃልም ነው። ደውይልኝ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውይ፤ ሌሊት መንቃት ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ነው።

12. አንድ ቀን ሁለቱን መስመር ታያለሽ እንበል። የመቀነሱ ሥራ በዚያው ዕለት ይቆማል። በእርግዝና አይቀነስም፤ ካርቦሃይድሬት አጥብቆ መተውም የለም። ሩቡ ግማሽ ይሁን፣ ምስሩ ይጨመር፣ ፍራፍሬው ይመለስ። ስኳርና ለስላሳውን ግን እንደተውሽው ቆዪ። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት በእርግዝና ጊዜ ለስኳርና ለደም ግፊት ከሌላው ይልቅ ትጋለጣለች፤ ስለዚህ ክትትልሽን ገና በመጀመሪያው ጀምሪ። የስኳር ምርመራውን መጀመሪያ ላይም፣ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜም አድርጊ። በየክትትሉ ግፊትሽ ይለካ። ሜትፎርሚኑን በራስሽ አታቁሚ፣ በራስሽም አትቀጥዪ፤ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ለጎረቤታችን መልሱን እኔው እሰጣቸዋለሁ። የዚያን ቀን ገንፎውን የማገነፋው እኔ ነኝ። ገብሱን አስፈጭቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ተነጥሯል። መሐሉን ጎድጉጄ ቅቤና በርበሬ ሞልቼ አልጋሽ ድረስ አመጣልሻለሁ፤ ከዳር ከዳር እየቆረስን አብረን እንበላለን። ስንት ማንኪያ እንደሆነ ያን ጊዜ እነግርሻለሁ። እስከዚያው ቅዳሜ ስትመጪ የጋገርሽውን ቆጥረሽ ነይ፤ ከኪሎው ስንት እንደወጣልሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።